ቃል በገንዘብ ሲሰፈር

ባለፈው ሰንበት ከቀትር በኋላ አራት ኪሎ ካሉት ቡና ቤቶች በአንደኛው ተቀምጠን ሳለን፥ ከአጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማን። አንደኛው ትምህርቱን በቅርቡ ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ፥ ሁለተኛው ገና በዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ መሆናቸውን ከአነጋገራቸው ለመረዳት አላስቸገረንም። ተማሪው ስለ ከተማችን የአውቶቡስ ሰልፍ ያለውን ሐሳብ በእጅ ስልኩ ጽፎ ወደ አንዱ ማኅበራዊ መገናኛ ሊልክ ሲል፥ ጽሑፉ ከገደቡ ስላለፈ አልተቀበለውም።

«እኔ እኮ የጻፍኩት ስድስት መስመር ብቻ ነው!» አለ ተማሪው።

«ክፈላ! ከፍለህ መጽሐፍ የሚያህል ብትጽፍ ማን ይከለክልሃል?» አለው ባልንጀራው እየሳቀ።

«ለመናገር ነው የምከፍለው?»

«ለመናገርማ አይደለም፤ ለመሰማት ነው እንጂ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል በቀልድ የተነገረች ብትሆንም፥ ቡናችን በሲኒው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አሳሰበችን። ነገሩ የቡና ቤት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባልወሰድንበት ነበር። ነገር ግን ዛሬ ብዙ ተማሪ የትምህርት ማስታወሻውን የሚቀበለው፥ ሥራ ፈላጊው ክፍት የሥራ ቦታ የሚያየው፥ መሥሪያ ቤትም ማስታወቂያውን የሚያወጣው በእነዚሁ ማኅበራዊ መገናኛዎች ነው። እንግዲህ ስንት ቃል መጻፍ እንደሚፈቀድ፥ ስንት መልእክት ማንበብ እንደሚቻል፥ ለዚህስ ማን ስንት እንደሚከፍል የሚወስነው ደንብ ከሕዝብ ጉዳይ የሚቈጠር ነው። ስለዚህ ገደቡ ከየት እንደ መጣ፥ መቼ ወደ ሸቀጥነት እንደ ተለወጠ፥ ለእኛም ምን እንደሚያስከትል ቀጥለን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጥንቱ ልማድ

ቃልን ቈጥሮ ማስከፈል የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። ቴሌግራም የሩቅ መልእክት ዋና መሣሪያ በነበረበት ዘመን ላኪው የሚከፍለው በቃል ቍጥር ነበር። በዚህም ምክንያት ሰው መልእክቱን እያሳጠረ፥ ማያያዣውን እየጣለ፥ ፍሬ ነገሩን ብቻ ያስተላልፍ ነበር። የአገራችን ሰው ግን ደብዳቤ ሲጽፍ «ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል» ብሎ ጀምሮ የቤተ ሰቡን ደኅንነት በየስሙ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ይህ የከበረ ልማዳችን በቴሌግራም ዋጋ ቢተመን ኖሮ ሰላምታው ከጉዳዩ ይልቅ በተወደደ ነበር።

የሆነው ሆኖ ዋጋ የሚከፈልበት መንገድ ከዋጋው መጠን ያላነሰ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ የደብዳቤ ዋጋ በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ቍጥር ሲተመን፥ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባሉት ሰው ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአገሩ ውስጥ የትም ለሚሄድ፥ ከግማሽ አውንስ ለማይበልጥ ደብዳቤ ላኪው አንድ ፔኒ ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። በ1839 ዓ.ም. 76 ሚሊዮን ያህል የነበረው የደብዳቤ ቍጥር በ1840 ዓ.ም. ወደ 169 ሚሊዮን ያህል ከፍ አለ። ዋጋው ለሁሉ አንድ፥ ደግሞም ዝቅተኛ ሲሆን የሚጽፈው ሰው ምን ያህል እንደሚበዛ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

160 ፊደል እንዴት ተወሰነ?

በእጅ ስልክ የሚላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት 160 ፊደል እንዲይዝ የታሰበው በጀርመን አገር ነው። በ1985 ዓ.ም. ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባሉት መሐንዲስ በቦን ከተማ በጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጠው ልዩ ልዩ ዐረፍተ ነገሮችንና ጥያቄዎችን እየጻፉ ፊደላቸውን ቈጠሩ። ከሞላ ጐደል ሁሉም ከ160 በታች ሆነው አገኟቸው። የፖስታ ካርድ ጽሑፍም ብዙውን ጊዜ ከ150 ፊደል እንደማያልፍ ተመለከቱ። የስልኩ መሥመር ለዚህ ሥራ የሚተርፈው አቅም ጥቂት ስለ ነበረ፥ ገደቡ በዚሁ ጸና።

ትዊተር የተባለው ድርጅት በ2006 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ሲጀመር፥ መልእክቱ በዚሁ አጭር የስልክ ጽሑፍ እንዲተላለፍ የታሰበ ነበር። ስለዚህ ከ160ው 20ውን ለጸሐፊው መለያ ስም ትቶ 140ውን ለመልእክቱ ሰጠ። እንግዲህ በመጀመሪያው ላይ ገደቡ የመሣሪያው አቅም ነበር እንጂ የንግድ ዘዴ አልነበረም። ባለጠጋውም ድኻውም፥ ሚኒስትሩም ተማሪውም እኩል 140 ፊደል ነበራቸው። ብዙ ሰው ይህን ጥበት ወደደው። ማጠር ግድ ሲሆን ማሰብም ግድ ይሆናልና።

የእኛ ፊደል በሚዛን ላይ

እዚህ ላይ የራሳችንን ሒሳብ ሳንሠራ ማለፍ አይገባንም። በአጭር መልእክት ውስጥ 160 የላቲን ፊደላት የሚገቡት እያንዳንዱ በ7 ቢት ስለሚመዘገብ ነው፤ ይህም በድምሩ 1,120 ቢት ነው። የእኛ ፊደል ግን በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ስለሌለ እያንዳንዱ 16 ቢት ይወስዳል። 1,120 ለ16 ሲካፈል 70 ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ የሚላክ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ሁለት ይከፈላል። ብዙ ወጣት አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደው ከሁሉ በፊት ፊደላችን በስልኮቹ ላይ ስላልነበረ ነው፤ ነገር ግን ይህም ሒሳብ የራሱ ድርሻ ያለው ይመስለናል።

በትዊተርም ዘንድ ያለው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ድርጅቱ በኖቬምበር ወር 2017 ዓ.ም. ገደቡን ከ140 ወደ 280 ከፍ አደረገ። ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ከሚጻፉት መልእክቶች ከመቶ 9ኙ ገደቡን ሲነኩ፥ በጃፓንኛ ከሚጻፉት ግን ከመቶ 0.4 ብቻ መሆናቸው ነበር። የጃፓን፥ የቻይናና የኮሪያ አጻጻፍ በጥቂት ፊደል ብዙ ነገር ስለሚይዝ ጭማሪው ለእነርሱ ቀረ፤ አንዱ ፊደላቸውም እንደ ሁለት ተቈጠረ።

አሁን አንባቢያችን ልብ ይበል። የቈጠራው ደንብ ማንም እንዲያየው በይፋ የወጣ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የላቲን፥ የግሪክ፥ የሩሲያ፥ የዕብራይስጥ፥ የዐረብ፥ የሕንድ፥ እስከ ጆርጂያ ድረስ ያሉት ፊደላት እንደ አንድ ይቈጠራሉ። ፊደላችን በ1999 ዓ.ም. በገባበት፥ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ፥ ከጆርጂያ ቀጥሎ ያለው የኮሪያ ክፍል ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ የእኛ ነው። ወሰኑ የተሠመረው በጆርጂያ መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ፥ እኛም ከወሰኑ ማዶ ቀረን። ይህ በጥላቻ የተደረገ አይመስለንም፤ ያላሰበን ሰው ያሠመረው መሥመር ይመስለናል። አለመታሰብ ግን ለተረሳው ሰው ከመጠላት ብዙም የተሻለ ነገር አይደለም።

እውነት ነው፥ የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ይይዛል። «ሰላም» በእኛ 3፥ በላቲን 5 ፊደል ነው፤ በእጥፍ ሲቈጠር ግን የእኛው 6 ይሆናል። «ኢትዮጵያ» በእኛ 5፥ በእንግሊዝኛ 8 ፊደል ነው፤ በእጥፍ ሲቈጠር 10 ይሆናል። አራት ነጥባችን እንኳ ሁለት ሆኖ ይመዘናል። ዐረብኛና ዕብራይስጥ አናባቢውን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጽፉ እያሳጠሩ እንደ አንድ ሲቈጠርላቸው፥ ይህ ዕድል ለእኛ አልደረሰም። በ280ው ገደብ አማርኛ ጸሐፊ የሚያገኘው 140 ፊደል ነው። ቃላችን በአማካይ 4 ፊደል አለው ብንል፥ ከነክፍተቱ 31 ቃል ያህል መሆኑ ነው። ገደቡን በገንዘብ ማስነሣት በሚቻልበት ዘመን ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጥበቱ ቀድሞ የሚሰማው ፈጥኖ ወደ መክፈል ይገፋልና።

ጥምጥሙ ገበያ ሲወጣ

በኦክቶበር ወር 2022 ዓ.ም. ሚስተር ኢሎን ማስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዙት፤ በጁላይ 2023 ዓ.ም. ስሙን ለውጠው ኤክስ አሉት። ከዚያ በፊት፥ ከ2009 ዓ.ም. አንሥቶ፥ ድርጅቱ ታዋቂ ሰዎችንና ድርጅቶችን በስማቸው ከሚያስመስሉ ሰዎች ለመለየት በስማቸው አጠገብ ሰማያዊ ምልክት ያኖር ነበር። በኖቬምበር 2022 ዓ.ም. ይህ ምልክት በወር 8 ዶላር ለከፈለ ሁሉ ይሰጥ ጀመር።

ውጤቱ ለመታየት ብዙ ቀን አልፈጀም። ኢላይ ሊሊ የተባለውን የመድኃኒት ፋብሪካ ስም የያዘ፥ ነገር ግን የፋብሪካው ያልሆነ አንድ ገጽ ምልክቱን ገዝቶ፥ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ኢንሱሊን ከእንግዲህ በነጻ ይሰጣል ብሎ ለዓለም አወጀ። እውነተኛው ፋብሪካ ይቅርታ ጠይቆ ወሬውን ማስተባበል ግድ ሆነበት። ሽያጩ ለጥቂት ሳምንታት ቆሞ በዲሴምበር እንደ ገና ቀጠለ። በኤፕሪል 2023 ዓ.ም. ደግሞ ሳይከፍሉ ምልክቱን ይዘው ከነበሩት ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እዚህ ግን ጥምጥሙ ራሱ ገበያ ስለ ወጣ፥ የተማረውን ካልተማረው በጥምጥሙ መለየት ቀረ።

ምልክቱን የተከተለው የቃል ሽያጭ ነው። በ2023 ዓ.ም. ውስጥ የሚከፍለው ሰው በፌብሩዋሪ እስከ 4,000፥ በኤፕሪል እስከ 10,000፥ በጁን እስከ 25,000 ፊደል እንዲጽፍ ተፈቀደለት። ያልከፈለው በ280ው ቀረ። ከፋዩ ለሌላ ሰው ጽሑፍ የሚሰጠውም መልስ ካልከፈለው መልስ በላይ እንዲታይ ተደረገ። ያ ወጣት በቡና ቤት «ለመሰማት ነው» ያለው እንግዲህ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ንባብም ሲሰፈር

እስከዚህ ድረስ የሚሰፈረው መጻፍ ነበር። በጁላይ 1 ቀን 2023 ዓ.ም. ግን ማንበብም ተሰፈረ። ሚስተር ማስክ ምልክት ያለው ሰው በቀን 6,000፥ የሌለው 600፥ አዲስ ገብቶ ምልክት የሌለው 300 መልእክት ብቻ እንዲያነብ መወሰኑን ገለጡ። በዚያው ቀን ቍጥሩ ከፍ ተደርጎ በቅደም ተከተል 10,000፥ 1,000 እና 500 ሆነ። የሰጡት ምክንያት የሌሎች ኩባንያዎች መሣሪያዎች የሕዝቡን ጽሑፍ ያለ ልክ እየጠራረጉ ስለ ወሰዱ ያንን ለመከልከል ነው የሚል ነበር። ይህ ገደብ ለጊዜው የተደረገ መሆኑ ቢነገርም፥ አንድ ነገር ለሁሉ ግልጥ አደረገ፤ በአንድ ሰው ትእዛዝ በአንድ ቀን ጧት የሚዘጋ አደባባይ የሕዝብ አደባባይ አይደለም።

ጉዳዩ የሕዝብ አገልግሎትንም ነካ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር መጨረሻ የኒው ዮርክ የሕዝብ ማመላለሻ መሥሪያ ቤት የባቡርና የአውቶቡስ መዘግየትን በትዊተር ማስታወቅ አቆመ። ድርጅቱ ማስታወቂያን በኮምፒዩተር አማካይነት በቀጥታ ለሚያስተላልፉ ባወጣው አዲስ ዋጋ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ በወር እስከ 50,000 ዶላር ሊጠየቅ እንደሚችል ተዘግቦ ነበር። ከሳምንት ያህል በኋላ ድርጅቱ ለሕዝብ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች በነጻ በመፍቀዱ ማስታወቂያው ተመለሰ። በመካከሉ ግን ባቡር ጠባቂው መንገደኛ በሁለት ባለሥልጣናት ክርክር መካከል ቆሞ ቀረ።

ሌሎቹም በየመንገዳቸው

ይህ የአንድ ድርጅት ጠባይ ብቻ ነው ብንል ግን እንሳሳታለን። ፌስቡክ ለብዙ ዓመታት በመመዝገቢያ ገጹ ላይ አገልግሎቱ ነጻ እንደ ሆነና ለወደፊቱም ነጻ እንደሚሆን ይገልጥ ነበር። በ2019 ዓ.ም. ይህን ቃል ከገጹ ላይ አንሥቶ በምትኩ መመዝገቡ ፈጣንና ቀላል መሆኑን ብቻ ጻፈ። በፌብሩዋሪ 2023 ዓ.ም. ባለቤቱ ሜታ የተባለው ኩባንያ በወር 11.99 ዶላር፥ በአፕል ስልክ በኩል ሲሆን 14.99 ዶላር፥ ለሚከፍሉ ሰዎች የማረጋገጫ ምልክት ለመስጠት መወሰኑን አስታወቀ። በኖቬምበር 2023 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ አገሮች ተጠቃሚው ወይ በወር 9.99 ዩሮ ከፍሎ ያለ ማስታወቂያ እንዲገለገል፥ ወይም ኑሮውና ምርጫው ተጠንቶ ማስታወቂያ እንዲቀርብለት ፈቃዱን እንዲሰጥ ጠየቀው። የአውሮፓ ኮሚሽን ይህ እውነተኛ ምርጫ አይደለም ብሎ በኤፕሪል 2025 ዓ.ም. ኩባንያውን በ200 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀው ቴሌግራምም በጁን 2022 ዓ.ም. የሚከፈልበት አገልግሎት ጀምሯል። የሚከፍለው ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 4 ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል ሲልክ፥ የማይከፍለው እስከ 2 ጊጋባይት፤ የሚከፍለው እስከ 1,000 ቻናል ሲከተል፥ የማይከፍለው እስከ 500 እንዲሆን ተደረገ። ይህ ግን ከፊተኛው የተለየ መሆኑን ፍርድ ያስገድደናል። 500 ቻናል ተከታትሎ የሚጨርስ ተማሪ ካለ መቼ ለፈተና እንደሚያጠና እንጃ። የነጻው ድርሻ ለተራ ሰው ኑሮ የሚበቃ ከሆነ፥ ከዚያ በላይ ላለው ዋጋ ቢጠየቅ የሚያስነቅፍ አይመስለንም።

የሻጩም ወገን ይሰማ

ዳኛ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድምና የኩባንያዎቹንም ክርክር እንመልከት። መልእክቱን ሁሉ የሚያከማቹት ኮምፒዩተሮች፥ መብራቱ፥ መሐንዲሱ፥ ነውርና ሐሰትን የሚቈጣጠረው ሠራተኛ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ። «ነጻ» የተባለውም ዘመን በእውነቱ ነጻ አልነበረም። ተጠቃሚው በገንዘቡ ፈንታ በጊዜውና በምስጢሩ ይከፍል ነበር፤ ኩባንያውም ያንን ለአስተዋዋቂ ይሸጠው ነበር። እንዲህ ከሆነ ዋጋውን በግልጥ ተናግሮ በግልጥ መቀበል ይሻላል የሚል ሰው ሞኝ አይደለም።

ሁለተኛው ክርክራቸው የሐሰት ገጾች ጉዳይ ነው። አንድ አታላይ በመሣሪያ እየታገዘ 1,000 የሐሰት ገጾች ቢያቆም፥ ለእያንዳንዱ 8 ዶላር ሲጠየቅ በወር 8,000 ዶላር ይሆንበታል፤ ይህም ያስታግሠዋል ይላሉ። ኤክስ በኦክቶበር 2023 ዓ.ም. በኒው ዚላንድና በፊሊፒንስ አዲስ ተመዝጋቢ መልእክት ለመጻፍ በዓመት 1 ዶላር ያህል እንዲከፍል የሞከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ክርክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘብ የሚመዝነው ኪስን ነው እንጂ እውነትን አይደለም። ባለጠጋው አታላይ ከፍሎ ይገባል፤ እውነተኛው ድኻ ግን ከደጅ ይቀራል። ከላይ የጠቀስነው የኢንሱሊን ውሸት የተገዛው በዚያው በ8 ዶላር መሆኑንም አንርሳ።

መንግሥት በር ላይ ሲቆም

ለወጣት ሹማምንት በተለይ የሚጠቅም አንድ ምሳሌ ከጎረቤት አለ። የኡጋንዳ መንግሥት ከጁላይ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክን፥ ዋትሳፕን፥ ትዊተርንና እነዚህን የመሰሉትን የሚጠቀም ሰው ሁሉ በቀን 200 የኡጋንዳ ሽልንግ እንዲከፍል ቀረጥ ጣለ። በዓመት ሲሰላ 73,000 ሽልንግ፥ በዚያን ጊዜው ምንዛሪ 20 ዶላር ያህል መሆኑ ነው። ቀረጡን ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ የአገሩ ፕሬዚዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒ በማኅበራዊ መገናኛ ስለሚዛመተው ሐሜት ያቀረቡት ቅሬታ ነበር።

የሆነው ግን ከታሰበው ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ውስጥ የኢንተርኔት ተጠቃሚው ቍጥር ከ2.5 ሚሊዮን በላይ እንደ ቀነሰ የአገሩ የመገናኛ ባለሥልጣን አስታወቀ። ሌላው ሕዝብ ቪ.ፒ.ኤን. በተባለው ስውር መንገድ መሄድ ጀመረ። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ 284 ቢሊዮን ሽልንግ ይሰበሰባል ተብሎ የታሰበው 49.5 ቢሊዮን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከመቶ 17 ያህል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በጁላይ 2021 ዓ.ም.፥ ቀረጡ ቀርቶ በኢንተርኔት ዳታ ላይ በሚጣል ከመቶ 12 ቀረጥ ተተካ። በሊባኖስ ደግሞ በኦክቶበር 2019 ዓ.ም. መንግሥት በዋትሳፕ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር ሊያስከፍል ማሰቡ እንደ ተሰማ ሕዝቡ በዚያው ማታ አደባባይ ወጣ። ሐሳቡ በሰዓታት ውስጥ ቢሰረዝም፥ ሰልፉ ሳይቆም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰዓድ ሐሪሪ በዚያው ወር መጨረሻ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ መወሰናቸውን አስታወቁ። የሕዝቡ ብሶት ብዙና የቈየ ነበር፤ ነገር ግን ክብሪቱ ይህ ዋጋ ሆነ።

ገደብ ሁሉ አንድ አይደለም

ይህን ሁሉ ስንል ማናቸውም ገደብ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። በ2018 ዓ.ም. በሕንድ አገር በዋትሳፕ የተዛመተ የልጅ ሌቦች ወሬ ሕዝብን እያስነሣ የብዙ ንጹሓን ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። ኩባንያውም አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 ቦታ በላይ ማስተላለፍ እንዳይቻል በሕንድ ወሰነ፤ በጃኑዋሪ 2019 ዓ.ም. ይህን በዓለም ሁሉ አደረገው። በኤፕሪል 2020 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲሄድ አደረገ። እንዲህ ያለው ገደብ ለሰው ሕይወት የታጠረ አጥር ነው።

እንግዲህ ክፉውን ገደብ ከደጉ በምን እንለየው? አንዲት ቀላል ጥያቄ ትበቃለች ብለን እናምናለን፤ «ይህን ገደብ ገንዘብ ያነሣዋልን?» የዋትሳፕን የ5 ቦታ ገደብ ማንም ከፍሎ እንዲያልፈው አልተሸጠም፤ ስለዚህ ለደኅንነት የቆመ ነው። 600 መልእክት የማንበብ ገደብ ግን ለከፈለው ዐሥር እጥፍ ሆኖ ተነሥቷል፤ ስለዚህ ምክንያቱ ምንም ይባል ምን ከሽያጭ አልራቀም። ወጣቱ ባለሥልጣን ነገ በራሱ መሥሪያ ቤት ደንብ ሲያረቅቅም ይህችን ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ ቢያኖራት ይጠቀምባታል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ለእኛ የዋጋው ነገር እጥፍ ድርብ ነው። በአሜሪካን አገር 8 ዶላር የሆነው፥ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከጁላይ 29 ቀን 2024 ዓ.ም. በፊት በባንክ ሒሳብ 456 ብር ያህል ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ130 ብር በላይ ስለ ሆነ ያው 8 ዶላር ከ1,040 ብር በለጠ። አብዛኛው ተማሪም በውጭ አገር ገንዘብ የሚከፍልበት ካርድ የለውም። ስለዚህ የኒው ዮርክ ልጅ የምሳውን ዋጋ ከፍሎ የሚገባበት በር ለአዲስ አበባው፥ ለጎንደሩና ለደሴው ልጅ የተዘጋ ያህል ነው። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ስለ አገራችን ጉዳይ በዓለም አደባባይ ጎልቶ የሚሰማው አገሩን የሚያውቀው ሳይሆን ዶላሩን የያዘው መሆኑ ነው።

ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፥ መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ የሚያስፈልገውን ማስታወቂያ በአንድ የውጭ ኩባንያ ገጽ ላይ ብቻ አያኑሩት። በራሳቸው ድረ ገጽ፥ በጋዜጣ፥ በሬዲዮ፥ በበራቸውም ሰሌዳ ላይ ይኑር። ማኅበራዊ መገናኛው ተጨማሪ መንገድ እንጂ ብቸኛ መንገድ አይሁን። ሁለተኛ፥ ሕጉን እንወቅ። በገንዘብ ፈንታ ምስጢራችንን ለሚወስዱት ሁሉ ልክ የሚሆን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 በእኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አዋጅ ግን የሚያነበውና የሚጠይቅበት ሰው ካላገኘ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛ፥ የፊደላችን ነገር ነው። የቈጠራው ደንብ ተገልጦ የወጣ ስለ ሆነ፥ ኮምፒዩተር የሚያጠኑ ተማሪዎቻችን ቍጥራቸውን ይዘው ቢጽፉና ቢከራከሩ ሊሰሙ ይችላሉ። ካልጮኹ ግን ማንም ስለ እነርሱ አይጮኽም። አራተኛ፥ ያለንን ጥቂት ስፍራ አናባክነው። 31 ቃል ለስድብ ብዙ ነው፤ ለቁም ነገርም፥ አስቦ ለሚጽፍ ሰው፥ ከሚመስለው ይበልጥ ይበቃል።

ሒሳባችንን ከፍለን ስንነሣ ሁለቱ ወጣቶች ገና ተቀምጠው ነበር። ተማሪው ስድስቱን መስመር ወደ ሦስት አውርዶት ኖሮ ለባልንጀራው ያሳየዋል።

«ዋናው ነገር ወጣበት እኮ» አለው ባልንጀራው አንብቦ። «ስድስቱን መስመር እንዳለ በደብዳቤ አድርገህ ለአውቶቡስ ድርጅቱ ጻፍላቸው። ደብዳቤ ቃል አይቈጥርም።»

«ደብዳቤውንስ ማን ያነበዋል?»

ወጣቱ ባለሥልጣን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። በእርሱም መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያልተነበቡ ደብዳቤዎች ሳይኖሩ አልቀሩም።

«እውነትህን ነው» አለ በመጨረሻ፤ «እርሱስ የእኛ ዕዳ ነው።»